ሹል ጠርዝን ማለስለስ፦ ለባለ ሦስት አውታረ መጠን ፍራክታሎች የትኛው የመታጠፊያ ቀመር ይመረጣል?

ማንደልቦክስን፣ የሜንገር ስፖንጅንና እነሱን የመሳሰሉ ባለ ሦስት አውታረ መጠን ፍራክታሎችን (በትልቁም በትንሹም ራሳቸውን የሚመስሉ ቅርጾችን) የሚያስገኘው ኅዋን ደጋግሞ ማጠፍ ነው። አንድ ነጥብ ከመስታወቱ ጠለል ማዶ ከተገኘ ወደዚህኛው ወገን ይንጸባረቃል፤ ከዚያም በአንድ ቁጥር ተባዝቶና ከቦታው ተገፍቶ እንደገና ይታጠፋል። ይህ ሥራ በቀመር ሲጻፍ መሠረቱ ፍጹም ዋጋ (ቁጥሩ ያለ መቀነስ ምልክቱ) ነው፤ ፍጹም ዋጋ ደግሞ ዜሮ ላይ ሹል ጫፍ አለው፤ ማለትም ተዳፋቱ ከ−1 ወደ 1 በአንድ ጊዜ ይዘላል። በዚህም ምክንያት የሚገኘው ገጽ ሳይቋረጥ ቢቀጥልም አቅጣጫው ድንገት ስለሚለወጥ ብርሃን ሲያርፍበት ስለታም ጠርዝ ሆኖ ይታያል፤ በየዙሩም አዳዲስ ጠርዞች ይጨመራሉ።

የሕንፃ ወይም የማሽን መልክ ለሚፈልግ ሠዓሊ ይህ ጸጋ ነው። አጥንት፣ ቅርፊት ወይም የቀለጠ ብረት የሚመስል ነገር ለሚፈልግ ግን ጠርዙ መለስለስ አለበት፤ ግራ መጋባቱም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በተለያዩ ፕሮግራሞች ውስጥ ፍጹም ዋጋን የሚተኩ ብዙ ቀመሮች አሉ፤ በአንዱ ቁጥሩ ሲጨምር ጠርዙ ይለሰልሳል፣ በሌላው ቁጥሩ ሲጨምር ጠርዙ ይሳላል፤ በወረቀት ላይ ሲሳሉ ግን ሁሉም ማለት ይቻላል አንድ ዓይነት ክብ ጉድጓድ ይመስላሉ። ልዩነታቸው ጎልቶ የሚወጣው በ8ኛው ወይም በ12ኛው ዙር ላይ፣ ከሥዕሉ ዝርዝር ግማሹ ሲጠፋ ወይም ገጹ በነጠብጣብ ሲበላሽ ነው።

## መስፈርቶቹ

በዚህ ጽሑፍ ቀ ወደ መታጠፊያው የሚገባውን ቁጥር፣ ለ ደግሞ የልስላሴውን መጠን ያመለክታሉ። ቀመሮቹ ሁሉ የተጻፉት ለ በእጥፋቱ ጫፍ ላይ ያለው ቅስት ራዲየስ እንዲሆን ተደርጎ ነው፤ አለበለዚያ የአንዱ 0.1 ከሌላው 0.1 ጋር ስለማይተካከል ንጽጽሩ ፍትሐዊ አይሆንም።

የመጀመሪያው መስፈርት ጫፉ በቦታው መቆየቱ ነው፤ ቀ ዜሮ ሲሆን ውጤቱም ዜሮ መሆን ይገባዋል። በሹሉ እጥፋት ነጥቦች እስከ መስታወቱ ጠለል ድረስ ይደርሳሉ። የለሰለሰው ቀመር ዜሮ ላይ 0.1 የሚሰጥ ከሆነ ግን ከ0 እስከ 0.1 ባለው ክፍተት ውስጥ አንድም ነጥብ አያርፍም፤ ስለዚህ በዚያ ቀጭን ንጣፍ ውስጥ ሊታይ የነበረው ዝርዝር ሁሉ ከሥዕሉ ይሰረዛል።

ሁለተኛው መስፈርት ከእጥፋቱ የራቀው ኅዋ ሳይነካ መቅረቱ ነው። ጠርዙን ለማለስለስ የተጠራ ቀመር ከጠርዙ ርቀው ያሉትን ነጥቦች ካንቀሳቀሰ፣ ለ በተለወጠ ቁጥር አጠቃላይ ቅርጹ ይለወጣል፤ ሠዓሊውም አንዱን ጠርዝ ለማለዘብ ሲል በብዙ ድካም ያገኘውን ቅርጽ ያጣል።

ሦስተኛው መስፈርት ተዳፋቱ ከ1 አለመብለጡ ነው፤ ይህ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነው። ባለ ሦስት አውታረ መጠን ፍራክታሎች የሚሳሉት በርቀት ግምት ነው፤ ይህን መንገድ ጆን ሃርት፣ ዳንኤል ሳንዲንና ሉዊስ ካውፍማን እ.ኤ.አ. በ1989 አቅርበውታል። ከካሜራው የተነሣው ጨረር በእያንዳንዱ እርምጃ ቅርብ የሆነው ገጽ ቢያንስ ምን ያህል እንደሚርቅ ይጠየቃል፤ ያን ያህልም ወደ ፊት ይራመዳል። ግምቱ የሚገኘው የመጨረሻውን የነጥብ ርዝመት በተጠራቀመው የመለጠጥ መጠን በማካፈል ነው። ሹሉ እጥፋት መስታወት ስለሆነ ርዝመትን አይለውጥም፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ የሚያጠራቅመው የማባዣውን ቁጥር ብቻ ነው። የለሰለሰው እጥፋት ተዳፋት ከ1 በታች ሲሆን ትክክለኛው ርቀት ከግምቱ ይበልጣል፤ ጨረሩ ይዘገያል እንጂ አይሳሳትም። ከ1 በላይ ሲሆን ግን ግምቱ ከእውነተኛው ርቀት ይበልጥና ጨረሩ ገጹን ዘልሎ ያልፋል፤ ቀዳዳና ነጠብጣብ የሚታየውም ያኔ ነው።

እነዚህን ሦስት መስፈርቶች በአንድነት የሚያሟላ ቀመር የለም፤ ወደፊትም ሊገኝ አይችልም። ምክንያቱ አጭር ነው። ለስላሳ የሆነ ማንኛውም እጥፋት ዜሮ ላይ ተዳፋቱ ዜሮ ነው። ከዜሮ ተነሥቶ፣ በዝግታ ጀምሮ፣ ጥቂት ርቆ ከፍጹም ዋጋ ጋር እንዲገናኝ ከተፈለገ በዝግታ ያጣውን ለማካካስ በመንገዱ ላይ አንድ ቦታ ከ1 በላይ መፍጠን አለበት። እንዳይፈጥን ከተከለከለ ወይ ከዜሮ ከፍ ብሎ መነሣት አለበት፣ ወይ ከፍጹም ዋጋ በታች እንደሆነ ለዘለዓለም መቅረት አለበት። ስለዚህ በቀመሮቹ መካከል መምረጥ ማለት ስሕተቱ የት እንዲቀመጥ መወሰን ማለት ነው፦ በጫፉ ላይ፣ በሩቁ ኅዋ ላይ ወይስ በተዳፋቱ ላይ።

ከእነዚህ ሌላ ሁለት ቀለል ያሉ ነገሮች ይታያሉ፤ የስሌቱ ወጪና ለ ወደ ዜሮ ሲወርድ ቀመሩ የሚያሳየው ጠባይ።

## ስኩዌር ሩት፦ √(ቀ² + ለ²)

በሰፊው የሚሠራበት ቀመር ይህ ነው፤ ለመጻፍ አንድ መስመር ይበቃዋል፣ ለግራፊክስ ካርድም ቀላል ነው። በየትኛውም ደረጃ ስብራት ስለሌለው በሚያንጸባርቅ ገጽ ላይ እንኳ የመገጣጠሚያ መስመር አይታይበትም። ተዳፋቱ ምንጊዜም ከ1 ያንሳል፤ ስለዚህ ሦስተኛውን መስፈርት ያለ አንዳች ማስተካከያ ያሟላል።

ስሕተቱን የሚያስቀምጠው በጫፉ ላይ ነው። ቀ ዜሮ ሲሆን ውጤቱ ለ ነው፤ ለ 0.1 ከሆነ 0.1 ውፍረት ያለው ንጣፍ ከመስታወቱ አጠገብ ይጠፋል። ሁለተኛውንም መስፈርት ሙሉ በሙሉ አያሟላም፤ ልዩነቱ ከጫፉ ሲርቁ ወደ ለ²/2ቀ እየተጠጋ ይቀንሳል እንጂ አያልቅም። ለ 0.1 ሆኖ ቀ 0.5 ሲሆን ልዩነቱ 0.01 ገደማ ነው፣ ቀ 1 ሲሆን ደግሞ 0.005 ገደማ። ትንሽ ቢመስልም እያንዳንዱ ነጥብ በእያንዳንዱ ዙር ስለሚነካ፣ ለን ትንሽ በለወጡ ቁጥር ሥዕሉ በሙሉ ሲንሸራተት ይታያል።

አንድ መልካም ጠባይ ግን አለው፤ ለ ዜሮ ሲሆን ቀመሩ ራሱ ፍጹም ዋጋ ይሆናል፤ በዜሮ መካፈል የሚባል ጣጣ የለበትም። ከስለት ወደ ልስላሴ የሚሸጋገር ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለሚሠራ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ጥንቃቄም ያስፈልገዋል፦ በአንዳንድ ቀመሮች ውስጥ በሥሩ ሥር የሚገባው ቁጥር ቀድሞ በራሱ የተባዛው ነው። እንዲህ ከሆነ 0.01 ብሎ መጻፍ ለ 0.1 ከማለት ጋር እኩል ነው፤ ቅንብርን ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው የሚያዛውር ሰው ይህን ሳያረጋግጥ ቢቀር የሚያገኘው ሌላ ሥዕል ነው።

## ዝቅ የተደረገው ስኩዌር ሩት፦ √(ቀ² + ለ²) − ለ

ይህ የፊተኛው ቀመር በለ መጠን ዝቅ ብሎ ነው። ጫፉ ወደ ዜሮ ይመለሳል፣ ተዳፋቱም ከ1 በታች ይቀራል፤ ዕዳው ግን ወደ ሩቁ ኅዋ ይዛወራል። ከጫፉ የራቁ ነጥቦች ሁሉ ወደ ለ በተጠጋ መጠን ወደ ውስጥ ይሳባሉ። ለ 0.1 ሆኖ ቀ 0.5 ሲሆን ውጤቱ 0.41 ነው። ከእጥፋቱ በኋላ የሚመጣውን የመግፊያ ቁጥር ለ በማባዣው ተባዝቶ በሚገኘው መጠን በመጨመር ማካካስ ይቻላል፤ ነገር ግን ይህ ሲደረግ ተመልሶ የፊተኛውን ቀመር መሆኑ ነው። ስለዚህ ይህን አማራጭ የምመርጠው ከመስታወቱ አጠገብ ያለው ዝርዝር የሥዕሉ ዋና ነገር ሲሆንና አጠቃላይ ቅርጹ ቢለወጥ ግድ በማይሰጥበት ጊዜ ብቻ ነው።

## ፖሊኖሚያል፦ በጠባብ ክልል ብቻ

የቀ ፍጹም ዋጋ ከለ ሲያንስ ውጤቱ (ቀ²/ለ + ለ) ÷ 2 ነው፤ ከለ ሲበልጥ ፍጹም ዋጋው ራሱ ነው። የግራፊክስ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ሁለት ቅርጾችን ለማዋሐድ ከሚጠቀሙበት ለስላሳ ዝቅተኛ ዋጋ ከሚባለው ቀመር የሚወጣ ሲሆን፣ ከመደመርና ከማባዛት፣ ከአንድ ንጽጽርም ሌላ ምንም አይፈልግም።

ትልቁ ጥቅሙ ድንበር ያለው መሆኑ ነው። ከለ ውጪ ያለው ኅዋ ጨርሶ አይነካም፤ ስለዚህ አስቀድሞ በሹል እጥፋት የተገኘን ውብ ቅርጽ ሳያበላሹ ጠርዙን ብቻ ለማለዘብ ከዚህ የተሻለ የለም። ተዳፋቱም ከ1 አያልፍም። ጫፉ ላይ የሚያጠፋው የለን ግማሽ፣ ማለትም ለ 0.1 ሲሆን 0.05 ነው፤ ይህም ከስኩዌር ሩቱ በግማሽ ያንሳል።

ድክመቱ በድንበሩ ላይ ነው። ተዳፋቱ ሳይቋረጥ ቢገናኝም ጥምዝነቱ ወደ ዜሮ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ደብዛዛ በሆነ ገጽ ላይ ዓይን ይህን አያየውም፤ እንደ መስታወት በሚያንጸባርቅ ገጽ ላይ ግን የነጸብራቁ መስመር በድንበሩ ላይ ይሰበራል፣ ቅስቱም ለብቻው የተለጠፈ ይመስላል። መፍትሔው ሦስተኛ ደረጃ ያለውን ፖሊኖሚያል መጠቀም ነው፤ የቀ ፍጹም ዋጋ ከ2ለ ሲያንስ |ቀ| + (1 − |ቀ|/2ለ)³ × 2ለ/3። ይህ ጥምዝነቱንም ሳያቋርጥ ያገናኛል፤ በምትኩ ክልሉ በእጥፍ ይሰፋል፣ ጫፉ ላይ የሚጠፋውም ለ 0.1 ሲሆን ወደ 0.067 ከፍ ይላል። ሁለቱም ለ ዜሮ ሲሆን በዜሮ መካፈል ስለሚገጥማቸው ለን በጣም ትንሽ በሆነ ቁጥር መገደብ ያስፈልጋል።

## የሎጋሪዝም ቀመር፦ |ቀ| + ለ × ሎግ(1 + ኤ^(−2|ቀ|/ለ))

እዚህ ላይ ሎግ የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ነው፤ ኤ ደግሞ የዚሁ ሎጋሪዝም መሠረት የሆነው ቁጥር (2.718 ገደማ) ነው። በጠባዩ በስኩዌር ሩቱና በፖሊኖሚያሉ መካከል ይቆማል፤ እንደ መጀመሪያው ምንም ስብራት የለውም፣ እንደ ሁለተኛው ደግሞ ከጫፉ ጥቂት እንደራቀ ልዩነቱ ይጠፋል። ለ 0.1 ሆኖ ቀ 0.5 ሲሆን ልዩነቱ ከ0.00001 በታች ነው። ጫፉ ላይ የሚያጠፋው 0.069 ነው፤ ተዳፋቱም ከ1 ያንሳል።

በሐሳብ ደረጃ ከሁሉ የተመጣጠነው ይህ ነው ማለት ይቻላል፤ በሥራ ላይ ግን ኤክስፖኔንሻልና ሎጋሪዝም በየእጥፋቱና በየዙሩ ስለሚሰሉ ከሁሉ ውድ ከሆኑት አንዱ ነው። በተጨማሪ በብዙ ቦታ የሚገኘው አጻጻፍ ሁለት ኤክስፖኔንሻሎችን ደምሮ ሎጋሪዝም የሚወስድ ነው፤ ይህ አጻጻፍ በሒሳብ ትክክል ቢሆንም በነጠላ ትክክለኝነት ቁጥር የሚሠራ ኮምፒዩተር ከኤ^88 ብዙም በላይ መያዝ አይችልም። ለ 0.01 ከሆነ ቀ 0.9 ላይ ሲደርስ ቁጥሩ ይፈነዳል፤ ሥዕሉም ጥቁር ወይም ባዶ ይሆናል። ከላይ የተሰጠው አጻጻፍ ከዚህ ነፃ ነው።

## ታንህን ማባዣ ማድረግ፦ ቀ × ታንህ(ቀ ÷ 2ለ)

ታንህ ሃይፐርቦሊክ ታንጀንት ነው። በሎጂስቲክ ሲግሞይድ (ከ0 ወደ 1 በለስላሳ ኩርባ በሚያድግ) ክብደት ሁለቱን ወገኖች የሚያዋሕዱ ቀመሮች ሲቃለሉ ይህንኑ ይሆናሉ፤ ማንደልቡልበር በተባለው የፍራክታል ፕሮግራም ውስጥ ያለው ለስላሳው ማንደልቦክስ የሚሠራውም በዚህ መንገድ ነው፣ ቁጥሩም የስለት መጠን ስለሆነ ሲጨምር ጠርዙ ይሳላል። ጫፉ ዜሮ ላይ ይቆያል፤ ከጫፉ ሲርቁ ደግሞ ከፍጹም ዋጋ ጋር በፍጥነት ይገናኛል። ለ 0.1 ሲሆን ከፍተኛው ልዩነት 0.056 ያህል ሲሆን የሚገኘውም ቀ 0.13 አካባቢ ሲሆን ነው፤ ቀ 0.5 ሲደርስ ወደ 0.007 ይወርዳል። ከመስታወቱ አጠገብ ያለው ዝርዝር አይጠፋም፣ አጠቃላይ ቅርጹም ቦታውን አይለቅም። ዓይን ብቻ የሚፈርድ ቢሆን ኖሮ ይህን ቀመር አስቀድም ነበር።

ዕዳው በተዳፋቱ ላይ ነው፤ ከፍተኛው ተዳፋት 1.2 ገደማ ነው። ነጥቡ በየዙሩ ተዳፋቱ ከፍተኛ የሆነበትን ክፍል እያገኘ ቢሄድ፣ ከ10 ዙር በኋላ ግምቱ ከ6 እጥፍ በላይ ይሳሳታል ማለት ነው። በተግባር ይህ ያህል አይከፋም፤ ነጥቦች በሁሉም ዙር ያን ጠባብ ክፍል አያገኙምና። ቢሆንም የጨረሩን እርምጃ ወደ ግማሽ ሳይቀንሱ ንጹሕ ሥዕል ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ እርምጃው በግማሽ ሲቀንስ ደግሞ የሬንደር (ሥዕሉን በኮምፒዩተር የማውጣት) ጊዜው ወደ እጥፍ ይጠጋል።

ቀመሩን ራሱ መጻፍ ለሚችል ሰው የተሻለ መንገድ አለ። ቀ ÷ 2ለ የሚለውን ው ብንለው ተዳፋቱ ታንህ(ው) + ው × (1 − ታንህ²(ው)) ነው፤ ታንህ አስቀድሞ ስለተሰላ ይህን ማግኘት ጥቂት ማባዛት ብቻ ይጠይቃል። ከሦስቱ ዘንጎች ትልቁን ተዳፋት ወስዶ ከ1 ሲበልጥ ብቻ በተጠራቀመው የመለጠጥ መጠን ላይ ማባዛት፣ እርምጃውን የሚያሳጥረው በሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ በሁሉም ቦታ እርምጃን ከመቀነስ እጅግ ይሻላል።

## እጥፋቱን ሳይነኩ መተው

የሚዘነጋ አማራጭ ነው። ጠርዙ ዓይን የሚወጋው በብርሃኑ ብቻ ከሆነ፣ የገጹ አቅጣጫ የሚለካባቸውን ነጥቦች ራቅ ራቅ ማድረግ ጠርዙን በመጠኑ ያለዝበዋል፤ የስሌት ወጪም የለውም። የርቀት ግምቱ ላይ ትንሽ ቋሚ ቁጥር መቀነስም ቅርጹን ያወፍርና ወደ ውጭ የወጡ ማዕዘኖችን ያከባል፤ ወደ ውስጥ የገቡት ግን ሹል እንደሆኑ ይቀራሉ። ሁለቱም የቅርጹን ባሕርይ ስለማይለውጡ፣ ኦርጋኒክ መልክ ለሚፈልግ ሰው አይበቁም።

## ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

ቁጥሮቹ ለ 0.1 ሲሆን ያሉት ናቸው፤ ልዩነት የተባለው ከፍጹም ዋጋ ያለው ርቀት ነው።

| ቀመር | ልዩነት ቀ 0 ሲሆን | ልዩነት ቀ 0.5 ሲሆን | ከፍተኛ ተዳፋት | በሚያንጸባርቅ ገጽ ላይ | የስሌት ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ስኩዌር ሩት | +0.100 | +0.010 | ከ1 በታች | ንጹሕ | ዝቅተኛ |
| ዝቅ የተደረገው ስኩዌር ሩት | 0 | −0.090 | ከ1 በታች | ንጹሕ | ዝቅተኛ |
| ሁለተኛ ደረጃ ፖሊኖሚያል | +0.050 | 0 | 1 | መስመር ይታያል | ዝቅተኛ |
| ሦስተኛ ደረጃ ፖሊኖሚያል | +0.067 | 0 | 1 | ጥሩ | ዝቅተኛ |
| ሎጋሪዝም | +0.069 | ከ0.00001 በታች | ከ1 በታች | ንጹሕ | ከፍተኛ |
| ታንህ | 0 | −0.007 | 1.2 ገደማ | ንጹሕ | መካከለኛ፤ እርምጃ ሲቀነስ ከፍተኛ |

## ቀመሩ ከየትኛው ፍራክታል ጋር እንደሚሠራ

ቶም ሎው እ.ኤ.አ. በ2010 ያገኘው የማንደልቦክስ የሳጥን እጥፋት |ቀ + 1| − |ቀ − 1| − ቀ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ ሁለቱን ፍጹም ዋጋዎች በለስላሳ መተካት ብቻ ይበቃል። እዚህ ላይ የንጽጽሩ ውጤት በከፊል ይለወጣል። ሁለቱ ስለሚቀናነሱ የስኩዌር ሩቱ ሩቅ ልዩነት በአብዛኛው እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ ዝቅ የተደረገውና ያልተደረገውም አንድ ይሆናሉ፣ ምክንያቱም የተቀነሰው ለ ራሱ ይቀናነሳል። ጉዳቱ ወደ ሳጥኑ ጫፍና ወደ መሐሉ ይዛወራል። ለ 0.1 ሲሆን እጥፋቱ 1 መስጠት በነበረበት ቦታ 0.90 ገደማ ይሰጣል፤ በመሐሉ ያለው ተዳፋት 0.99 ስለሆነ ብዙም አይጎዳም። ለ 0.5 ሲደርስ ግን የመሐሉ ተዳፋት ወደ 0.79 ይወርዳል፤ ማባዣው 2 የሆነ ማንደልቦክስ በመሐሉ 1.58 ማባዣ እንዳለው ሆኖ ይሠራል። ብዙ ሰዎች ልስላሴ ሲጨምሩ ማንደልቦክሱ ለምን ሌላ ፍራክታል እንደሚሆን የሚጠይቁት ለዚህ ነው። ማባዣውን በመጠኑ ከፍ ማድረግ ከጉዳቱ የተወሰነውን ይመልሳል።

ማንደልቦክስ የሉል እጥፋትም አለው፤ ከመሐል ያለው ርቀት ከ0.5 ሲያንስ ነጥቡ በ4 ይባዛል፣ ከ0.5 እስከ 1 ባለው ክልል ለርቀቱ ስኩዌር ይካፈላል፣ ከዚያ ውጪ አይነካም። ሁለቱ መገናኛዎች ላይ ስብራት ስላለ ሳጥኑን ብቻ አለስልሶ ይህን የተወ ሰው ገጹ ላይ ክብ ክብ መስመሮች ይቀሩበታል። ቀላሉ መንገድ የርቀቱን ስኩዌር ከ0.25 ጋር በለስላሳ ከፍተኛ ዋጋ፣ ከ1 ጋር ደግሞ በለስላሳ ዝቅተኛ ዋጋ መገደብና 1ን ለውጤቱ ማካፈል ነው። እዚህ ላይ ያለ ማመንታት የምመርጠው ሁለተኛ ደረጃ ፖሊኖሚያሉን ነው፤ ለ ከ0.25 እስካነሰ ድረስ በመሐል ያለውን 4 ማባዣ ፈጽሞ አይነካም፣ የመለጠጡንም መጠን በዚያው ማባዣ ማጠራቀም አስተማማኝ ሆኖ ይቀጥላል።

ሜንገርንና በካሌይዶስኮፕ መልክ የሚታጠፉ ዘመዶቹን በተመለከተ ችግሩ ከቀመሩ ይልቅ በአጻጻፉ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ «ቀዳሚው ከተከታዩ ካነሰ ቦታ ይለዋወጡ» በሚል ንጽጽር ይጻፋሉ፤ ንጽጽር ደግሞ አይለሰልስም። የሁለቱን ቁጥሮች ድምርና ልዩነት ፈልጎ ትልቁን የድምሩና የልዩነቱ ፍጹም ዋጋ ድምር ግማሽ፣ ትንሹን ደግሞ የልዩነታቸው ግማሽ አድርጎ መጻፍ ይገባል፤ ያኔ ከላይ ካሉት ቀመሮች ማንኛውም በፍጹም ዋጋው ምትክ ይገባል። ትልቁንና ትንሹን በተለያዩ ለስላሳ ቀመሮች ለየብቻ ማስላት ድምራቸው እንዳይጠበቅ ስለሚያደርግ ቅርጹ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል።

## ልስላሴው በየዙሩ እንዴት ይለወጥ?

ይህ ውሳኔ ከቀመሩ ምርጫ ባልተናነሰ መልኩን ይወስናል። ለ በሁሉም ዙር አንድ ሆኖ ከቀጠለ፣ በሜንገር ማባዣው 3 ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ጠርዝ 0.1 ቅስት ሲኖረው ከ4 ዙር በኋላ ያለው ጠርዝ 0.0012 ብቻ ይኖረዋል። ትልቁም ትንሹም ጠርዝ ከመጠኑ ጋር በተመጣጠነ ልክ ይለሰልሳል፤ የፍራክታሉ ራስን መምሰል ይጠበቃል። በአንጻሩ ለን በተጠራቀመው ማባዣ ማባዛት ሁሉንም ጠርዝ በእኩል ራዲየስ ያከባል፤ ትንንሹ ዝርዝር ይሟሟና ወንዝ ለብዙ ዘመን እንደሸረሸረው ድንጋይ ይሆናል። ይህን የሚፈልግ ሰው በ0.1 ቢጀምር ከ3 ዙር በኋላ ለ ከቅርጹ ራሱ ይበልጣል፤ በ0.002 አካባቢ መጀመር ይሻላል፣ ከ4 ዙር በኋላም 0.162 ይሆናል። ለ እንዲህ ሲያድግ ጫፉን ከፍ የሚያደርጉ ቀመሮች የሚያጠፉት ንጣፍም አብሮ ስለሚያድግ፣ ለዚህ ዘዴ ታንህ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል።

ሦስተኛ መንገድ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወይም ሦስት ዙሮች ብቻ ማለስለስ ነው። ትልቁ ቅርጽ ሲከብ ውስጡ ያለው ዝርዝር ስለቱን እንደያዘ ይቀራል፤ በእኔ ግምት ከሁሉ ያነሰ የተሠራበትና ከሁሉ የበለጠ ውበት የሚሰጠው ይህ ነው።

## እንደ ፍላጎትና እንደ አቅም

ገና ለሚጀምር ሰው ስኩዌር ሩቱን እመክራለሁ፤ ቢሳሳት እንኳ ሥዕሉ አይበላሽም፣ ጨረሩም ገጹን አይዘልም። ለን በ0.02 ጀምሮ ቀስ እያለ ቢጨምር ቅርጹ ሲንሸራተት ራሱ ያየዋል።

በቅጽበት የሚንቀሳቀስ ሥዕል የሚሠራና ደካማ የግራፊክስ ካርድ ያለው ሰው ከሁለተኛ ደረጃ ፖሊኖሚያል ባይወጣ ይሻለዋል፤ ገጹን ደብዛዛ ካደረገው የድንበሩ መስመር አይታይም። በትልቅ መጠን የሚታተም፣ ብረት ወይም ብርጭቆ የሚመስል የቆመ ሥዕል የሚያዘጋጅ ደግሞ ሦስተኛ ደረጃውን ፖሊኖሚያል ይሞክር፤ ሙሉ ሌሊት የሚፈጅ ሬንደር ካላስጨነቀው ወደ ሎጋሪዝሙ ቢሄድም በአብዛኛው ሥዕል ላይ ሁለቱን በዓይን መለየት ይከብዳል፤ ስለዚህ ተጨማሪውን ጊዜ ለጠርዝ ማጥሪያ ናሙና ማዋል የበለጠ ያተርፋል።

ለ ራሱ የሚለዋወጥበት ተንቀሳቃሽ ሥዕል ሁለት ዓይነት ነው። ሽግግሩ ከፍጹም ስለት የሚነሣ ከሆነ ስኩዌር ሩት ያለ ችግር ይሄዳል። ካሜራው ወደ አንድ ዝርዝር ተጠግቶ ሳለ ለ የሚለወጥ ከሆነ ግን ስኩዌር ሩቱ ያን ዝርዝር ከካሜራው ፊት ገፍቶ ያወጣዋል፤ ፖሊኖሚያልና ታንህ ቦታውን ያስጠብቃሉ።

በባለ ሦስት አውታረ መጠን ማተሚያ የሚወጣ ቅርጽ የሚያዘጋጅ ሰው ሁኔታው የተለየ ነው። ቅርጹ ወደ ትሪያንግል ገጽ የሚለወጠው በእኩል ርቀት በተደረደሩ ነጥቦች ላይ ዋጋውን በመለካት እንጂ ጨረር በመስደድ ስላልሆነ፣ የታንህ ዋና ድክመት እዚህ ላይ ብዙ አይጎዳም፤ ዝርዝርን አለማጥፋቱ ግን ሙሉ ጥቅሙን ይሰጣል። ለን በእኩል ራዲየስ ዘዴ ከፍ አድርጎ የመጨረሻዎቹን ዙሮች መቀነስ፣ ማተሚያው ሊሠራቸው የማይችላቸውን ቀጫጭን ክፍሎች አስቀድሞ ያስወግዳል።

በማንኛውም ምርጫ ላይ ከመጽናት በፊት አንድ ፈተና ማድረግ ይገባል፤ የጨረሩን የእርምጃ መጠን ወደ ግማሽ ቀንሶ ያንኑ ሥዕል እንደገና ማውጣትና ሁለቱን ማነጻጸር ነው። ሁለቱ አንድ ከሆኑ ግምቱ አስተማማኝ ነው፣ እርምጃውንም ወደ ነበረበት መመለስ ይቻላል። በሁለተኛው ላይ ቀጫጭን ክፍሎች ከታዩ፣ ወይም ነጠብጣቡ ከጠፋ፣ በቀመሩ ውስጥ አንድ ቦታ ተዳፋቱ ከ1 አልፏል፤ ያኔ መጀመሪያ መመርመር ያለበት የሉሉ እጥፋት ማባዣ ከመለጠጡ መጠን ጋር አብሮ መባዛቱ ነው፣ ቀጥሎም ታንህ የገባበት ቦታ።